አርባ ስምንት ሰዓት፦ የሽንፋ ምጥና የ1952ቱ ሕግ

መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መጋቢት 1881 ዓ.ም.ን፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን መውደቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆላው የሚወራው ደግሞ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ሳሉግ፣ ወባና ድንበር ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ብዙም ሳይጻፍ የቀረ ታሪክ አለ፤ የምጥ ታሪክ።

ሽንፋ ላይ የወለደች ሴት እንደ ሌላው አገር ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ሕፃኑ ሳያለቅስ ሲቀር ወይም እጁ አልንቀሳቀስ ሲል ግን «የእግዜር ሥራ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ለማጽናኛ ይህ ቃል ክፋት የለውም። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረጉ ነው። አንደኛው ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የመጣ የአፈጣጠር ጉድለት ነው። ሁለተኛው በምጥና በወሊድ ሰዓት የደረሰ ጉዳት ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ልዩነት ካወቀው ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ሆኖ ከተገኘ። ለመኖር የሚችለው የትኛው ነው? አንቀጽ 4 ይመልሳል፦ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ። ከዚያ በፊት የሞተ ለመኖር እንደማይችል ይገመታል። ይህ ግምት ግን ሊፈርስ ይችላል። የሞተው በራሱ አፈጣጠር ጉድለት ሳይሆን በሌላ ምክንያት መሆኑን ያስረዳ ሰው ግምቱን ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ማን ያስረዳል? በምን ማስረጃ?

በመጀመሪያ የአፈጣጠር ጉድለትን እንይ። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሠረሠር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን እንኳ ሳያውቁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ በ72 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ብዙ አገሮች ዱቄታቸው ውስጥ መጨመር ጀመሩ፤ ኢትዮጵያም በስንዴ ዱቄት ላይ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ነገር ግን የማሳውን ማሽላ ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ የሽንፋ ቤተሰብ ዘንድ የፋብሪካ ዱቄት በምን ይደርሳል?

ቆላው የራሱ ፈተናዎችም አሉት። ወባ በእርግዝና ጊዜ ሲይዝ ፅንሱ በደንብ እንዳያድግ ያደርጋል፣ ሞቶ እስከመወለድም ያደርሳል። በመተማና በሁመራ የእርሻ ሠራተኛውን የሚያጠቃው ካላ አዛር ደግሞ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሚልቴፎሲን ነው። ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለወራት እርግዝና መከላከል ያስፈልጋል። ይህን ለታካሚዋ በሚገባት ቋንቋ መንገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

መድኃኒት ፅንስን እንደሚጎዳ ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1961 መጨረሻ ተነሣ። በመሀሉ በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጎድሎ ተወለዱ። የወላጆቹ ክርክር ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አምራቹ 100 ሚሊዮን ማርክ ለመክፈል ተስማማ። ወላጆቹን የረዳቸው ቁጣቸው ብቻ አልነበረም፤ እናቲቱ መቼ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደዋጠች ማሳየት መቻሉም ጭምር ነው።

ሁለተኛው፣ የወሊድ ጉዳት፣ በኢትዮጵያ ታሪኩ ይበልጥ የሚታወቀው በፊስቱላ ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ያገኟቸው ለቀናት አምጠው ልጃቸው የሞተባቸውን፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ፤ ባሕር ዳርም በ2005 ማዕከል ተከፈተ። ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። የእነዚህ ሴቶች ታሪክ የሚገኘው በሐኪም ቤት መዝገብ ነው፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ለምን? ሕጉ የተጻፈው አጠገቧ ሆኖ ያጠፋ ሐኪም እንዳለ አድርጎ ነው። አንቀጽ 2031 የሙያውን ደንብ የጣሰ ባለሙያ ኃላፊ ነው ይላል፤ አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በቃሬዛ መንገድ ላይ እያለች ልጇ የታፈነባት ሴት ማንን ትክሰስ? ገንዳ ውኃ ከጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሽንፋ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወዲያ ነው። እርሷን የጎዳት መጥፎ ሐኪም አይደለም፤ የሐኪም አለመኖር ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት የሞከረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፦ አንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል ያላቸውን መብት፣ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታውን ይደነግጋሉ።

ዛሬ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ቀርበዋል፤ አዋላጅ ነርስም አለች። ስለዚህ የቀድሞው መልስ ብቻውን አይበቃም። ምጧ የተከታተለችው፣ የዘገየችው ወይም ሪፈር ያለችው እርሷ ከሆነች ሰዓቱ ተጽፎ መገኘት አለበት። ፓርቶግራፍ የሚባለው የምጥ መከታተያ ቅጽ የሕፃኑን የልብ ምትና የምጡን ሂደት በየጊዜው ይመዘግባል። በትክክል የተሞላ ቅጽ ለቤተሰቡም ማስረጃ ነው፤ የሚቻላትን ሁሉ ላደረገችው አዋላጅም ከሐሜት መጠበቂያዋ ነው።

ቤተሰቡ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነው። የካርዱንና የሪፈር ወረቀቱን ቅጂ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤት ማለት ይቻላል፤ ኮሚቴው ግን የሙያ ጥፋት መኖሩን ይመረምራል እንጂ ካሳ አይፈርድም። ካሳ የሚጠየቀው በፍርድ ቤት ነው። ከውል ውጭ ለሚቀርብ ክስ ደግሞ የአንቀጽ 2143 ይርጋ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ልጁ «ለምን አይቀመጥም?» ተብሎ፣ ጠበል ተሞክሮ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሲጠበቅ 2 ዓመት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ ወላጅ ያውቀዋል።

ማንኛውም ጉዳት የሰው ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ባለበትም ሕፃን ይሞታል። ግን ሕጉ 48 ሰዓት ብሎ ሲቆጥር አንድ ነገር አምኗል፦ ለሞተ ሕፃንም «በምን ሞተ?» ተብሎ ሊጠየቅለት ይገባል። ሽንፋ ላይ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እግዜርን መክሰስ አይደለም። ቀጥሎ ለምታምጠዋ እናት መንገድ መጥረግ ነው።