ከኩልፎ ራስጌ፦ ስለ ቢላዋና ስለ ጠርሙስ

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ አርባ ምንጭን ታክኮ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከታች ሜዳው የሙዝ ነው፤ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ሲወጣ ደግሞ የእንሰት። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል። ሙዝ ሳይለምኑት ከሥሩ ልጅ ያወጣል። እንሰት ካልተገደደ አይወልድም።

ታዲያ ደገኛው ምን ያደርጋል? ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን እንሰት ነቅሎ ግንዱን ይቆርጣል፤ ከአሚቾው መካከል እምብርቱን በቢላዋ ፈልፍሎ ያወጣል፤ አንዳንዱም አሚቾውን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከፍግ ጋር ቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል። ከወራት በኋላ ከአንዱ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር ቡቃያ አፈሩን ፈንቅሎ ይወጣል።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ቲሹ ካልቸር ስናነብ ነገሩ የሚጀምርልን በ1902 ከኦስትሪያዊው ሃበርላንት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1952 ሞሬልና ማርቲን የተባሉ ፈረንሳውያን በቫይረስ ከታመመ ዳልያ የጫፍ ቅንጣት ወስደው ጤነኛ አበባ አወጡ። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የጠርሙስ ምግብ ቀመሩ። መልካም። ግን ይኸው ስኩግ በ1930ዎቹ ከቲማን ጋር ሆኖ በባቄላ ላይ ያሳየው ምን ነበር? ከጫፉ በሚወርደው ኦክሲን የተነሣ የጎን እምቡጦች ታፍነው እንደሚኖሩ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ግን እንደሚነሡ ነው። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። የደገኛው ቢላዋ የሚሠራው ይህንኑ አይደል እንዴ? ስሙን የጻፈለት ስላልነበረ ብቻ ከታሪክ ይውጣ?

መኩራራት ብቻ ግን አያዋጣም። ቢላዋው በሽታም ያዛምታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 የገለጹት የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ስለት ነው። የተቀበረው አሚቾ ታማሚ ከሆነ ልጆቹም ይዘውት ሊወጡ ይችላሉ፤ የያዘውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒትም የለም። ለቤተሰብ ይህ ማለት የዓመታት ቆጮ ማጣት ነው። ጠርሙሱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ንጹሕ ችግኝ ይሰጣልና። ያም ቢሆን ንጹሑ ችግኝ በሽታ የማይነካው አይደለም፤ ያደፈ ቢላዋ ያገኘው ዕለት መልሶ ይታመማል።

እንሰትም ከ1990ዎቹ ወዲህ ጠርሙስ ገብቷል። ሲቆረጥ እየጠቆረ ተመራማሪውን መከራ ያሳየዋል። ቡቃያው እዚያም ብቻውን ቀጥ ብሎ ማደግ እንጂ መባዛት አይወድም። መላው ምን ሆነ ብትሉ፣ ጫፉን በስለት መሰንጠቅ።