ካሣ ወይስ ቅጣት፤ አንሰልምና አቤላርድ ስለ ኃጢአት ስርየት

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለ እግዚአብሔር ፍርድና ስለ ሰው መዳን የተነሣውን ክርክር የሚያትቱ ብዙ መጻሕፍት ሁለት ሊቃውንትን እንደ ባላጋራ አቁመው ያሳያሉ። አንሰልም የሕግና የዕዳ ሰው፥ አቤላርድ የፍቅር ሰው ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የጠቡ ድንበር የተሰመረው በሌላ ቦታ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ ትምህርት ነበር። ሰው በኃጢአቱ ለዲያብሎስ ተገዛ፤ ዲያብሎስም በሰው ላይ መብት አገኘ፤ ንጹሑን ክርስቶስን ባስገደለ ጊዜ ግን መብቱን አጣ የሚል ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ከንጉሥ ዊልያም 2ኛ ጋር ተጣልቶ በስደት ሳለ፥ በ1098 በደቡብ ኢጣልያ በካፑዋ አጠገብ «እግዚአብሔር ስለ ምን ሰው ሆነ» የተባለውን መጽሐፉን ሲፈጽም ይህን አሳብ ከሥሩ ነቀለው። ዲያብሎስ ራሱ ጌታውን የከዳ ሎሌ ስለ ሆነ የሚሟገትበት መብት የለውም፤ ዕዳው ያለው በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ነው።

መጽሐፉ ቦሶ ከተባለ መነኩሴ ጋር በሚደረግ ጥያቄና መልስ የተጻፈ ነው። ቦሶ ለእግዚአብሔር የሚከፍለውን ሲጠየቅ ንስሐን፥ ጾምን፥ ትሕትናን ይቈጥራል፤ አንሰልምም ይህ ሁሉ ኃጢአት ባትሠራም ኖሮ የሚገባህ ግብር ነው ይለዋል። ስለዚህ መክፈል የሚገባው ሰው፥ መክፈል የሚቻለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነገር አለ፤ በአንሰልም ዘንድ ካሣና ቅጣት አማራጮች ናቸው፥ አንዱ ከተፈጸመ ሌላው ይቀራል። የደም ካሣ ተከፍሎ በቀል የሚቀርበትን ልማድ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ክርስቶስ በእኛ ፈንታ ተቀጣ የሚለው ትምህርት ጐልቶ የተብራራው በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በተለይም በካልቪን ነው፤ ይህንንም ለአንሰልም የሚሰጡት ሰባክያን ጥቂቶች አይደሉም።

አቤላርድ በ1130ዎቹ የሮሜን መልእክት ሲተረጉም የዲያብሎስን መብት እንደ አንሰልም ካደ። በዚህስ አንድ ናቸው። ነገር ግን ጥያቄውን ገፋበት፦ የአዳም በደል ያን ያህል ካሣ ከጠየቀ፥ ክርስቶስን መስቀል ከዚያ የከፋ በደል ሲሆን ለእርሱ ካሣው ምንድን ነው? የንጹሕ ሰው ደም እንደ ዋጋ መጠየቁስ ከጽድቅ ጋር እንዴት ይስማማል? የራሱ መልስ የክርስቶስ ሕማም በእኛ ውስጥ ፍቅርን ያነድዳል፥ ያም ፍቅር ከኃጢአት ባርነት ያወጣናል የሚል ነው። ለእኔ ጥያቄው ከመልሱ ይበልጥ የጠነከረ ነው።

የክሌርቮው በርናርድ የተቈጣው ግን የዲያብሎስ ቀንበር ስለ ተካደ ጭምር ነበር፤ ለፓፓ ኢኖሰንት 2ኛ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ዲያብሎስ በሰው ላይ ያለው ሥልጣን በእግዚአብሔር ፍርድ የተፈቀደ ነው ብሎ ተከራከረ። ብዙ መጻሕፍት በ1140፥ የቅርብ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1141 ነው በሚሉት የሳንስ ጉባኤ በአቤላርድ ላይ ከቀረቡት 19 ነጥቦች አንዱ፥ ክርስቶስ ሥጋ የለበሰው ከዲያብሎስ ቀንበር ሊያወጣን አይደለም ብሏል የሚል ነው። አንሰልም በ1109 ባይሞት ኖሮ በዚህ ነጥብ ከየትኛው ወገን ይቆም ነበር?

ፓፓው አቤላርድን አውግዞ ዝም እንዲል አዘዘው። የክሉኒው አበምኔት ጴጥሮስ አስጠግቶት በ1142 ሞተ፤ ሔሎይዝም በመቃብሩ ላይ የሚሰቀል የኃጢአት ስርየት ጽሑፍ ብትለምን አበምኔቱ ጽፎ ላከላት።