ጉርሻና ደመወዝ በአሜሪካ

በእኛ አገር ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ አጉራሹም ጎራሹም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብም በዚሁ ስም ይጠራል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ግን የዚያ አገር ጉርሻ ሌላ ታሪክ እንዳለው ማወቅ ይገባዋል።

ልማዱ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን፥ በአሜሪካ ሥር የሰደደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ከተፈጸመው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። የፑልማን ኩባንያ ከባርነት ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ለመኝታ ባቡሮቹ አስተናጋጅነት ሲቀጥር፥ ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ስለ ነበረ ኑሯቸው በተሳፋሪው ፈቃድ ላይ ወደቀ።

ይህን የነቀፉ አልታጡም። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ1909 ጉርሻን በሕግ ከለከለ፤ ሌሎች ስድስትም ተከተሉት። ነገር ግን እስከ 1926 ድረስ ሕጎቹ ሁሉ ተሻሩ። የባቡር አስተናጋጆቹ በበኩላቸው በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው፥ በ1937 ከኩባንያው ጋር በመዋዋል ደመወዛቸውን ከፍ አስደረጉ።

በ1966 የወጣው ሕግ ግን አሠሪው ከዝቅተኛው ደመወዝ ከፊሉን በጉርሻ እንዲያካክስ ፈቀደ። ከ1991 ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪውን የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም እንዲከፍል ነው፤ ጉርሻው ከዝቅተኛው ደመወዝ ካላደረሰ አሠሪው ይሞላል። ከዚህ አብልጠው የሚያስከፍሉ ክፍለ ግዛቶችም አሉ።

እንግዲህ በምግብ ቤት ከሂሳቡ በላይ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚጨምር መንገደኛ ቸርነት ያደረገ አይምሰለው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ እየከፈለ ነው። ልማዱን ጠልቶ ሳይሰጥ ቢወጣም የሚጎዳው ያስተናገደው ሰው እንጂ ልማዱን የመሠረተው አይደለም።