በበረዶ ላይ የተቆፈረች ቀዳዳ እና የ1837ቱ ወረቀት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚኒሶታ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ጥር በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። ሐይቅ ላይ መኪና ቆሟል፣ አጠገቡ ትንሽ የእንጨት ቤት አለ፣ ውስጥ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ በበረዶው በተቆፈረ ቀዳዳ ክር ወደ ታች ለቆ ዓሣ ይጠብቃል። እኛ አገር በታንኳ ጣናን ወይም ሐዋሳን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ከዚያች ቀዳዳ ጀርባ 400 ሰው ያለቀበት፣ በመጨረሻም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ታሪክ አለ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት ይሆናል? ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፣ በረዶም የሚሠራው ከላይ ነው። ስለዚህ ከላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ሲሆን ከሥር ዓሣው በፈሳሽ ውሃ ውስጥ ይኖራል። በረዶው ጥርት ያለና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከወፈረ ሰው ይሸከማል፤ ለመኪና ከዚያ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል።

ዛሬ ይሄ መዝናኛ ነው። ለኦጂብዌ ሕዝብ ግን የዕለት ጉርስ ነበር። የኦጂብዌ ዓመት በምግብ የተከፋፈለ ነው። በጸደይ ከዛፍ ስኳር ይቀዳሉ፣ በመኸር ከሐይቅ ላይ የዱር ሩዝ ይሰበስባሉ፣ በብርዱ ወራት ያድናሉ፣ በበረዶ ውስጥም ዓሣ ይወጋሉ። አጥማጁ በረዶውን ሰብሮ ቀዳዳ ይከፍትና በሆዱ ይተኛል፤ ብርሃን እንዳይገባ በላዩ ብርድ ልብስ ወይም ቆዳ ይጥላል። ጨለማ ውስጥ ሲሆን የውሃውን ውስጥ እንደ መስኮት ያያል። በአንድ እጁ ከእንጨት የተቀረጸች ትንሽ ዓሣ በክር ያንቀሳቅሳል፣ በሌላው ጦር ይይዛል። ትልቁ ዓሣ ትንሿን ሊበላ ሲመጣ ይወጋዋል። የብርዱ ወር ሲከብድና የሩዙ ጎተራ ሲጎድል ቤተሰብ የሚያድረው በዚህ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሐምሌ 1837 የዊስኮንሲን ግዛት አስተዳዳሪ ሄንሪ ዶጅ የኦጂብዌ አለቆችን ሰብስቦ ውል አስፈረመ። አሜሪካ የፈለገችው በተለይ የጥድ እንጨቱን ነበር። ኦጂብዌዎች ዛሬ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን የሚባሉት ውስጥ ያለ ሰፊ መሬት ለቀቁ፤ በምላሹ ለ20 ዓመት በየዓመቱ 9,500 ዶላር በጥሬ ገንዘብ፣ 19,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ሌላም ሌላም ሊሰጣቸው። አለቆቹ ግን በአንድ ነገር ጸኑ። መሬቱን ብንሰጥም ከሐይቁና ከወንዙ መብላታችን አይቀርም አሉ። ስለዚህ አንቀጽ 5 ገባ፦ በለቀቁት መሬት ላይ ማደን፣ ዓሣ ማጥመድና የዱር ሩዝ መሰብሰብ ይችላሉ፣ ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ።

ልብ በሉ፣ «ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ»። ይቺ ሐረግ ናት ጉዱን ያመጣችው።

የካቲት 1850 ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር ትእዛዝ አወጣ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አደረገ፤ የማደንና የማጥመድ መብቱን ሻረ፣ ኦጂብዌዎችም ከለቀቁት መሬት ነቅለው እንዲሄዱ አዘዘ። ሕዝቡ እምቢ ሲል ባለሥልጣናቱ ዘዴ ዘየዱ። ዓመታዊው ክፍያ ይሰጥ የነበረው ላ ፖይንት በሚባል ቦታ ነው። እሱን ወደ ምዕራብ ሩቅ ወዳለው ሳንዲ ሌክ አዛወሩትና በመኸሩ መጨረሻ ኑ ተቀበሉ አሉ። ሐሳቡ ምን መሰላችሁ? ብርዱ መንገዱን ይዘጋዋል፣ እዚያው ይቀራሉ ነው።

ሕዝቡ በታንኳ ሄደ። ሲደርስ የሚከፍል የለም፣ የተሰጠው ምግብ የተበላሸ ነው። ሳምንታት ጠበቁ። በሽታ ገባ፣ በየቀኑ ሰው ይቀበር ጀመር። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የክፍያው ከፊሉ ብቻ ተሰጣቸው። ያኔ ወንዙ በረዶ ሆኗል። ታንኳቸውን ጥለው በበረዶ ላይ በእግራቸው ተመለሱ። እዚያውና በመንገድ ላይ ያለቀው ሰው ወደ 400 ይገመታል።

በ1852 ኬቼዋይሽኬ የሚባሉ፣ በእንግሊዝኛ ቺፍ ቡፋሎ በሚለው የሚታወቁ አለቃ ተነሡ። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ ነው። በታንኳ ተነሥተው ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞርን አገኙ። ማፈናቀሉም ቆመ። ሕዝቡ በአገሩ ቀረ። የማጥመዱ መብት ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። በ1858 ሚኒሶታ ክልል ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ኦጂብዌ ከተከለለለት ቦታ ውጭ ያለ ክልሉ ፈቃድ ሲያጠምድ ሕግ ጣሰ ይባል ጀመር።

በ1990 የሚል ላክስ ኦጂብዌዎች ክልሉን ከሰሱ። ሚል ላክስ ትልቅ ሐይቅ ነው፣ በብርዱ ወራት በረዶው ላይ የአጥማጆች መንደር የሚመሠረትበት። ለዕርቅ የቀረበውን ሐሳብ የክልሉ ምክር ቤት በ1993 ጣለው። ጉዳዩ ችሎት ገባ። እዚህ ላይ ነው እኔ እንደ ታሪክ መምህር ደስ የሚለኝ፤ የታሪክ ምሁራን የ1837ቱን ድርድር መዝገብ ይዘው ለምስክርነት ቀረቡ። ጥያቄው «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብቻ አልነበረም። «በአስተርጓሚ የሰሙት አለቆች ምን ገባቸው?» የሚልም ነበር። የውጫሌን አንቀጽ 17 አማርኛና ጣሊያንኛ ጎን ለጎን አስቀምጠን የተከራከርን ሰዎች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን።

መጋቢት 24 ቀን 1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደ። ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ የክልሉ ሦስት መከራከሪያዎች አንድ በአንድ ወደቁ። በ1855 ሌላ ውል ተፈርሟል፤ ያ ውል ግን ስለ ማደንና ማጥመድ አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ዝም ያለ ወረቀት መብት አይሽርም። ሚኒሶታ ክልል ሆናለች፤ ክልል መሆን ብቻውን የውል መብት አያጠፋም። የቴይለር ትእዛዝስ? ፕሬዚዳንቱ ሕዝቡን ለማፈናቀል ሥልጣን አልነበረውም። መብቱን የሻረበት ክፍል ደግሞ ከማፈናቀሉ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ስለሆነ ተነጥሎ አይቆምም፣ አብሮ ይወድቃል።

እስቲ አስቡት። ያ ወረቀት በ1850 ሰዎችን በብርድ ፈጀ። ከ149 ዓመት በኋላ ደግሞ «መብታቸውንም ገድያለሁ» ብሎ ችሎት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ አልገደልክም አለው።

ክርክሩ በዚህ አላለቀም። የሐይቁ ዓሣ ኮታ አሁን በክልሉና በኦጂብዌዎች መካከል ይከፋፈላል። ዎልአይ የሚባለው ተወዳጅ ዓሣ ሲቀንስና በ2015 ክልሉ የማጥመጃውን ወቅት ሳይጨርስ ሲዘጋው ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ኦጂብዌዎች ቀሰረ። ባለሙያዎች ግን ብዙ የዓሣ ጫጩት ሳያድግ እንደሚያልቅና የሐይቁም ጠባይ እንደተለወጠ ይናገራሉ።

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ታሪክ ምን ይሠራል?» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሴ ይኸው። አለቆቹ በ1837 የአገር ስፋት መሬት ሲለቁ «የምንበላውን አስገቡልን» ባይሉ ኖሮ፣ ያሉትንም በድርድሩ ላይ የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በ1999 የሚከራከሩበት ነገር አይኖራቸውም ነበር። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ፣ የቤት ኪራይም ይሁን የሥራ፣ የማትለቁትን ነገር በጽሑፍ አስገቡ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ከተባላችሁም ሥራውን አትናቁት።