በላስታና በዋድላ ጉባኤ ቤቶች የአዲስ ገቢ ተማሪ አቤቱታ

በላስታ፥ በመቄትና በዋድላ ደጋ መንገዶች ለብዙ ዘመን ሲመላለሱ ከኖሩት ሰዎች መካከል፥ ከነጋዴውና ላሊበላን ሊሳለም ከሚጓዘው ምእመን ጋር፥ የቆሎ ተማሪ አንዱ ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ፥ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከአባቱ ቤት ይወጣል። ዋድላ በቅኔ ትምህርት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሣ ስለሆነች፥ ወደዚያ የሚያመራው ጥቂት አይደለም። ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ከጉባኤው የሚደርሰው ይህ ልጅ በአካባቢው ዘመድ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ወላጆቹ ፈልገው እንዳይመልሱት ስሙን ለውጦ የመጣ ነው። እንግዲህ ነባር ተማሪ ቢያዋርደው ወይም ቢያንገላታው ለማን አቤት ይላል?

በቅኔ ቤት ማዕረግ የሚሰጠው በትውልድ ሳይሆን በትምህርት ነው። ገና ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና መቍጠር የጀመረው ተማሪ፥ መወድስ ከደረሰው በታች ይቆማል። መምህሩ ሁሉን ብቻቸውን ማዳረስ ስለማይችሉ፥ ነባሩ አዲሱን ያስጠናዋል፥ ስሕተቱንም ያርምለታል፤ አዲሱም በፈንታው ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ያካፍላል። ይህ ልማድ በራሱ በደል አይደለም፤ በልመናና በመረዳዳት የሚኖር ጉባኤ ያለ እርሱ ሊጸና ባልቻለም ነበር። ነገር ግን የሚያስተምረውና የሚያዝዘው አንድ ሰው በመሆኑ፥ አገልግሎቱ ወደ ማንገላታት የሚሻገርበት ድንበር በቀላሉ አይታይም። ነባሩ ተቈጥቶ ማስጠናቱን ቢተው፥ ለአዲሱ የሚቀርበት የመጣበት ትምህርት ራሱ ነው። በንባብ ቤት ደግሞ አርጩሜና እግር ብረት የተለመዱ ቅጣቶች ስለ ነበሩ፥ በመምህሩ ትእዛዝ የተመታው ልጅና በባልንጀራው ክፋት የተመታው ልጅ ቍስላቸው ተለይቶ አይታወቅም።

በእርግጥ ጉባኤው ዳኛ አለው፤ እርሳቸውም የኔታ ናቸው። ክሱን ሰምተው ይገሥጻሉ፥ ይቀጣሉ፥ ጥፋቱ ሲከብድም አጥፊውን ከጉባኤው ያስወጣሉ። ይሁን እንጂ አዲሱ ልጅ ከየኔታ ፊት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በነባሩ በኩል ስለ ሆነ፥ ከሳሽ የሚያልፍበት በር በተከሳሹ እጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አቤቱታ በቃል ብቻ ሳይሆን በእግርም ይቀርብ ነበር ማለት ይቻላል። የተበደለው ተማሪ አኩፋዳውን አንሥቶ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። የመምህር ዝና በተማሪው ብዛትና ዕውቀት ስለሚለካ፥ ተማሪ የሚሸሸው ጉባኤ ስሙ ይወድቃል። ከበደል የሚጠብቀው አንዱ ነገር እንግዲህ መንገዱ ራሱ ነበር። ይህም ጥበቃ ቢሆን መሄድ ለሚችል እንጂ፥ ለሕፃኑና ለደካማው አልነበረም።

ከዚህ የተለየው መፍትሔ ክሱን ከባልንጀሮች ክበብ ውጭ ላለ ሰው መስጠት ነው። ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ533 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ፥ የቍስጥንጥንያና የቤሩት የሕግ ተማሪዎች በአዳዲስ ገቢዎች ላይ ነውረኛ ጨዋታ እንዳይጫወቱ ከልክሏል። በቤሩት የአዋጁን መፈጸም እንዲጠብቁ የታዘዙትም የአውራጃው ገዥ፥ የከተማው ኤጲስ ቆጶስና የሕግ መምህራኑ ነበሩ። በሕንድ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ፥ ተማሪውና ወላጁ በየዓመቱ ቃል እንዲፈርሙ ያዝዛል፤ ሌትና ቀን አቤቱታ የሚቀበል የስልክ መሥመርም ተቋቁሟል። በሁለቱ መካከል 1,500 ዓመት የሚያህል ጊዜ ቢኖርም፥ ክልከላ ያለ ሰሚ ከንቱ መሆኑን ሁለቱም ተገንዝበዋል።

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት በር ሰፍቷል፤ በሰሜን ወሎም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። የላስታ ልጅ ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው በመንግሥት ምደባ ነው። አኩፋዳ ባያነግትም፥ ከዘመድ ርቆ በማያውቃቸው ነባሮች መካከል ማደሩ እንደ ቀድሞው ነው። የተለወጠው ነገር መንገዱ ነው፤ የተመደበ ተማሪ ቢከፋው እንደ ቅኔ ተማሪው በማግስቱ ሌላ መምህር ዘንድ ሊያድር አይችልም።

እንግዲህ ቀድሞ መንገዱ ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ዛሬ ሥርዓት ሊሰጠው ይገባል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ይጠብቃል፤ ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት ዓመት ያለፈ አዲስ ገቢ ግን ይህ አንቀጽ አይደርሰውም። ስለዚህ ተቋሙ ራሱ አዲሱን በስም የሚቀበል ኀላፊ፥ ከነባሮቹ ወገን ያልሆነ አቤቱታ ሰሚ፥ ለከሳሽም ለምስክርም ጥበቃ ሊያዘጋጅ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዝም የሚል ተማሪ አይጠፋም። በእግሩ የሄደውን ሰው አቤቱታ መስማት የሚቻለው፥ ከጉባኤው አንድ ልጅ በጐደለ ቀን «ለምን ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ሲኖር ነው።