ጣና፣ ዓባይና የነቀርሳ መዝገብ

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለት ፍጹም የተለያዩ ሕመሞች ሲያገለግል ኖሯል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ግን ካንሰር ነው። ከጣና ዳርቻ የመጣ ታካሚ «እናቴ በነቀርሳ ነው ያረፈችው» ሲል ጠያቂው ባለሙያ የትኛው እንደሆነ ካላጣራ፣ የቤተሰቡ የሕመም ታሪክ ከመጀመሪያው መስመር ይሳሳታል። የአካባቢውን የካንሰር ዓይነቶች ለይቶ የማወቅ ችግርም ከዚሁ ይጀምራል።

ዘመናዊ ሕክምና በጣና ዙሪያ ሥር የሰደደው በተላላፊ በሽታ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሐይቁ ሰሜን በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን እንደፈጀ ይነገራል። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ለዚህ መቅሠፍት ከተሰጡት ምላሾች አንዱ ነበር። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ቀዳሚ ትኩረታቸው ወረርሽኝን መከላከል ነበር፤ ይህም የሚያስነቅፍ አልነበረም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሲቋቋምም የካንሰርን ሥርጭት መመዝገብ ገና የማንም ጥያቄ አልነበረም።

መዝገብ በሌለበት የሌላውን አገር ካርታ መዋስ ይቀናል። ለዚህ ከዓባይ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1911 ፈርጉሰን የተባለ በካይሮ የሚሠራ የፓቶሎጂ ሐኪም የሽንት ፊኛ ካንሰርን ከቢልሃርዝያ ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ይህ ካንሰር በግብፅ ወንዶች ዘንድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀዳሚውን ስፍራ ይዞ ቆይቷል። ወንዙ ከጣና ይወጣል፤ በባሕር ዳርና በዘጌም ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው። እንግዲህ የፊኛ ካንሰር በጣና ዳርቻም እንደ ግብፅ ሊበዛ ይገባል ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። የጣናው ጥገኛ አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ሲሆን፣ የፊኛውን ካንሰር የሚያስከትለው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ነው። የኋለኛው በኢትዮጵያ የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆና ኩርሙክ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ሄማቶቢየምን ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው ምድብ ሲያስገባ ማንሶኒን አላስገባም።

ማንሶኒ ግን መዝገቡን በሌላ መንገድ ሊያሳስት ይችላል። ያበጠ ሆድ፣ የጠጠረ ጉበትና ደም ማስታወክ ይዞ የሚመጣ የሐይቅ ዳር ገበሬ፣ አልትራሳውንድና የሕብረ ሕዋስ ናሙና በሌሉበት «የጉበት ካንሰር» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሕመሙ ምናልባት ቢልሃርዝያ ያስከተለው የጉበት ጠባሳ ይሆናል። በዚያው ወረፋ ከእርሱ ቀጥሎ የቆመው ደግሞ በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ እውነተኛ የጉበት ካንሰር ያደረበት ሊሆን ይችላል።

ከፍታም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ዴኒስ ቡርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 የሕፃናትን የመንጋጋ ዕብጠት ከገለጸ በኋላ፣ በ1961 ከካምፓላ ተነሥቶ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና እየተጓዘ የገጠር ሆስፒታሎችን ጠየቀ። ዕጢው በሞቃትና እርጥብ ቆላ እንደሚበዛ፣ ደጋ ሲወጣ እንደሚጠፋ ተገነዘበ፤ ኋላም ከማያቋርጥ የወባ ጥቃት ጋር ያለው ዝምድና ታወቀ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ወባው በወቅት የሚነሣና የሚበርድ ሐይቅ ስለሆነ፣ የቡርኪት ካርታ እንዳለ አይገጥመውም። የቡርኪት ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ውድ መሣሪያ ሳይኖረው ዕጢው የት እንደሚገኝና የት እንደማይገኝ ሐኪሞችን እየጠየቀ ማጣራቱ ነበር።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረጉ ቆጠራዎች ከካንሰር ታካሚዎች መካከል ሴቶች ይበዛሉ፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰርም ቀድመው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም በሴቶች ዘንድ ይህንኑ ቅደም ተከተል አሳይቷል። ሆኖም የሆስፒታል ቆጠራ በሩን ያለፈውን ብቻ ይቆጥራል። ጡት፣ ቆዳና የሊምፍ ዕጢ በመርፌና በምላጭ በቀላሉ ስለሚደረስባቸው ይመዘገባሉ፤ የጣፊያ አጠገቡ ቆሽትና አንጎል ግን ሳይታወቁ ይቀበራሉ። የጨረር ሕክምናም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ስለነበር፣ ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለመድረስ አቅም ያላት ሴት በአንዱ መዝገብ ስትገኝ፣ አቅም ያጣችው በየትኛውም አትገኝም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ተጀምሯል። ውጤቱ የሚታየው እነዚህ ልጆች አዋቂ ሲሆኑ ነው፤ የሚለካውም ታካሚዋ የኖረችበት ቀበሌ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር እኅቷ ቤት ያረፈች ሴት፣ ካርድ ክፍል አድራሻዋን ስትጠየቅ የምትሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የእኅቷን ቀበሌ ነው።