ስለ አንዲት እሑድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእኛ በወጣቶች መካከል ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። «እቤቴ ሆኜ ብጸልይ፣ ቅዳሴውንም በስልኬ ብከታተል ምን ይጎድልብኛል?» ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን ለመፈለግ ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ወደ ዘመነ ሰማዕታት አብረን እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ303 ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ ክርስቲያኖችም ለጸሎት እንዳይሰበሰቡ አዋጅ አወጣ። በዛሬይቱ ቱኒዚያ ምድር በምትገኘው አቢቲኔ በተባለች ከተማ ኤጲስ ቆጶሱ መጻሕፍቱን ለእሳት አሳልፎ ሰጠ። እረኛው ሲወድቅ መንጋው ይበተናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እነዚያ ምእመናን ግን አልተበተኑም። ሳቱርኒኖስ የተባለ ቀሲስ እየመራቸው በምእመናን ቤት ተሰብስበው የጌታን ማዕድ መካፈላቸውን ቀጠሉ። በዚያው ጉባኤ ላይ ሳሉ ተያዙ። ቁጥራቸው 49 ነበር፤ ወንዶችም ሴቶችም፣ ከሳቱርኒኖስ ልጆች ታናሹ ሕፃን ሂላርያኖስም በመካከላቸው ነበሩ።

ዜና ሰማዕትነታቸው እንደሚተርከው፣ ታስረው ወደ ካርቴጅ ሲወሰዱ መንገዱን ሁሉ በደስታ ይዘምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 304 በአገረ ገዥው በአኑሊኖስ ፊት ቆሙ። አገረ ገዥው ጉባኤው በቤቱ የተደረገውን አናጕንስጢስ ኤሜሪጦስን፣ ሰዎቹን ለምን እንዳልከለከላቸው ጠየቀው። ኤሜሪጦስም ወንድሞቹ ስለሆኑ ሊከለክላቸው እንዳልቻለ፣ ያለ ጌታ ማዕድም መኖር እንደማይችሉ መለሰ። ሕፃኑ ሂላርያኖስ በማስፈራሪያ ሲጠየቅ፣ ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር ወደ ጉባኤው የሄደው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ተናገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው፣ በየልባቸው መጸለይ ይችሉ ነበር፤ በጓዳ የሚጸለየውን ጸሎት ወታደር ሊይዘው አይችልም። ሞትን የመረጡት አብሮ ለመቆም ነው። ስለ አንዲት እሑድ ነፍሳቸውን የሰጡት ብቻቸውን የማያገኙት ነገር በጉባኤው ስለነበረ ነው።

ይህስ ነገር ምንድን ነው? ከእነርሱ 150 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ጲዮስ በጻፈው መከላከያ የእሑድን ጉባኤ ገልጾታል። የከተማውም የገጠሩም ሰው በአንድነት ይሰበሰባል፤ የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ኅብስቱና ወይኑ ይቀርባል። ለድሃ አደጉ፣ ለመበለቲቱ፣ ለበሽተኛውና ለእስረኛው መዋጮ ይሰበሰባል። መምጣት ላልቻሉትም ዲያቆናት ቅዱስ ቁርባኑን ይወስዱላቸዋል። በዚያ ጉባኤ የቀረ ሰው ይታወቅ ነበር፤ ይታሰብም ነበር።

ይህ ሥርዓት በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሕያው ነው። ካህን ብቻውን አይቀድስም፤ ቢያንስ 5 ልዑካን፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ ያስፈልጋሉ። ካህኑ ሲጸልይ ዲያቆኑ ያውጃል፤ ሕዝቡም ይቀበላል። የሕዝቡ ድርሻ ለሕዝቡ የተተወ ነው፤ ሕዝቡ ዝም ካለ ቦታው ባዶ ይሆናል። ጌታችንም ጸሎት ሲያስተምረን «አባቴ» ሳይሆን «አባታችን» እንድንል አዝዞናል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴ፣ በፈተና ሰሞን፣ ለብዙ እሑዶች ከመኝታ ክፍሌ ሳልወጣ ቅዳሴውን በስልኬ አደምጥ ነበር። ድምፁ ይሰማኛል፤ ደስታው ግን ቀስ በቀስ ራቀኝ። ዲያቆን ሆኜ ሳለ አድማጭ ሆንሁ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ምንም ደስታ ሳይሰማኝ፣ እያፈርሁ ሄድሁ። የሕዝቡ ተሰጥኦ ከወንዶችም ከሴቶችም ወገን በአንድነት ሲነሣ የጠፋብኝን አወቅሁት። ከቅዳሴ በኋላም አንዲት አረጋዊት እናት «ልጄ፣ ታመህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር፤ መቅረቴን ግን አውቀዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ደስታው እስኪመጣ ድረስ እቤት አንጠብቅ፤ ደስታው ያለው እዚያው ጉባኤው ውስጥ ነው። በሕመም አልጋ ላይ ያላችሁ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይፈቀድላችሁ እኅቶቻችን፣ በስልክ የምትሰሙት ቅዳሴ በእንባ የታጀበ እንደሆነ እናውቃለን፤ እናንተ ከጉባኤው አልተለያችሁም። በሩ የተከፈተልን እኛ ግን በመጪው እሑድ እንነሣ። ስንሄድም በአጠገባችን ይቆም የነበረውን፣ አሁን ግን የቀረውን ሰው እንፈልገው።

የሰማዕታት ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር